የአሮጌ ዘር አደራ

ጅቡቲ ከተማ የምትበላውን ቲማቲም አብዛኛውን ራሷ አታበቅለውም። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ በተዘረጋው ገበያ በየማለዳው ተደርድሮ የሚታየው ቲማቲም፣ ከሽንኩርቱና ከድንቹ ጋር ከኢትዮጵያ ተጭኖ፣ ድሬዳዋን ተሰናብቶ፣ ጠራራውን በረሃ አቋርጦ የሚገባ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከተማዋ ከሐዲዱ ጋር አብራ ያደገች ናት። ባቡሩ ከወደቧ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባሕሩን ዕቃ ሽቅብ፣ የደጋውን ምርት ቁልቁል ማመላለስ የዕለት እንጀራዋ ሆነ። ከ2017 ወዲህ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ሳይቀር ከኢትዮጵያ ምድር በቧንቧ ይመጣላታል። በዓመት የሚዘንብላት ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደጋው በዝናብ በሚርስባቸው በሐምሌና በነሐሴ፣ እሷ ካምሲን በሚሉት ትኩስ ነፋስ ትለበለባለች፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል።

እንዲህም ሆኖ በከተማዋ ጫፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ከቅኝ ግዛቱ ዘመን ጀምሮ የጓሮ አትክልት ሲለማ ኖሯል። ውሃው የጉድጓድ ነው፤ ጥላው የተምር ዛፍ ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንዳንድ ጊዜ በድንገት ሞልቶ ያገኘውን ሁሉ ይጠርጋል፤ በሚያዝያ 2004 የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ ዛሬም አልተረሳም። ቲማቲም በዚህ አገር የሚሆነው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ አይበርድምና ተክሉ ቢያብብም አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ በአንድ ሰው እጅ፣ በወረቀት የተጠቀለለ አሮጌ የቲማቲም ዘር አለ እንበል። ከአባቱ ጓሮ የመጣ ይሁን፣ ከድሬዳዋ ዘመድ የተላከ ወይም ከመርከበኛ የተገኘ፣ ለጊዜው ልዩነት የለውም። ዝርያው ገበያ ላይ የለም፤ ስሙን የሚያውቁትም ጥቂቶች ናቸው። ገበያውን ግን ሌላ ቲማቲም ሞልቶታል። ሰውየው ዘሩን ባይዘራው የሚራብ የለም፤ ቢጥለውም የሚከስሰው የለም። ለመሆኑ ይህ ሰው ስለዚያ ዘር ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ ዕዳው ለማን ነው? ለዘሩ ለራሱ ነው፣ ላቆዩለት ሰዎች ነው፣ ወይስ ገና ላልተወለዱት?

አስቀድሞ «አሮጌ» የሚለውን ቃል ማጥራት ይገባል። ቲማቲም በዚህኛው የዓለም ወገን የማንም አገር በቀል አይደለም። የዱር ዘመዶቹ ዛሬም በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ምዕራባዊ ጎን ይበቅላሉ፤ ያረቡትና ያሰፉት የሜክሲኮ ሕዝቦች ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እስፓኞች ወደ አውሮፓ አሻገሩት፤ አውሮፓም መርዝ ነው እያለች ብዙ ዘመን ስትፈራው ኖራለች። ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ እርሻ ለብዙ ዓመታት የታወቁት ሁለት ዝርያዎች፣ ማርግሎብና ሮማ፣ ሁለቱም የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ያወጧቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1925፣ ሁለተኛው በ1950ዎቹ። እንግዲህ በአያት ጓሮ «የጥንቱ ቲማቲም» ተብሎ የሚወደሰው ፍሬ፣ የትውልድ ሐረጉ ቢቆጠር ከባቡሩ ያነሰ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ይህ ግን ክብሩን አይቀንሰውም። ዘርን አሮጌ የሚያሰኘው ከየት መጣ የሚለው አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ስንት ጊዜ ተላለፈ የሚለው ነው።

ይህን መተላለፍ ያቋረጠው ድቅል ዘር ነው። ድቅል የሁለት የተለያዩ ወላጆች የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ ምርቱ ብዙ ነው፤ መንገድም ይችላል፤ ከመቂና ከዝዋይ ተነሥቶ ባሕር ድረስ ሳይፈርጥ የሚደርስ ቲማቲም ለነጋዴው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከፍሬው ዘር ወስዶ የዘራ ሰው በተከታዩ ዓመት የሚያገኘው የተበታተነ ነው፤ አንዱ ወደ አንደኛው ወላጅ፣ ሌላው ወደ ሌላኛው ያደላል፤ ሦስተኛው ማንንም አይመስልም። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ዘር ይገዛል። በዚህ ኃጢአት የለበትም፤ ሻጩም ቢሆን ሰይጣን አይደለም። ሆኖም ዘርን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት የሚባለው ሥራ ከሰው እጅ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ አንድ ትውልድ ካልሠራው ደግሞ ተከታዩ እንዴት እንደሚሠራ አያውቀውም።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። በደንብ የበሰለውን፣ ከጤነኛ ተክል የተቆረጠውን ፍሬ ሰንጥቆ፣ ዘሩን ዝልግልግ ከሆነው ሽፋኑ ጋር በብርጭቆ ጨምቆ፣ ሁለት ሦስት ቀን እስኪብላላ መተው ነው። መብላላቱ ዘሩን እንዳይበቅል አፍኖ የያዘውን ሽፋን ያሟሟል፤ አንዳንድ በሽታም ይገድላል። ከዚያ የሰመጠው ዘር ታጥቦ በጥላ ሥር ይደርቃል። ሽታው ደስ አይልም፤ የቤት እመቤት ብትቆጣ አይፈረድባትም።

አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ዘር የሞተ ይመስላል እንጂ ሕያው ነው። በደረቀ ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ እጅግ በዝግታ ይተነፍሳል፤ ስንቁን ጥቂት በጥቂት ይጨርሳል፤ ያረጃል። የእርጅናውን ፍጥነት የሚወስኑት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። የዘር ጠበብት የሚጠቀሙበት አንድ የግምት ሕግ አለ። የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ ከመቶ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። ስሌቱን ወደ ኋላ ማስኬድ ለጅቡቲ ነዋሪ የሚያሳዝን ነው። በደረቅና በቀዝቃዛ የደጋ ቤት ሰባት ስምንት ዓመት ሊዘልቅ የሚችል የቲማቲም ዘር፣ ከባሕሩ ጠረፍ በወበቀ ክፍል ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በላይ ላይዘልቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ሕግ በቁጥር ባይጽፈውም በሥራ ያውቀዋል። የማሽላውን ራስና በቆሎውን ከምድጃ በላይ በጭስ ውስጥ ይሰቅላል፤ ሌላውን ከአመድ ጋር ቀላቅሎ በቅል ይከድናል።

የአደራ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አደራ ከባድ ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ሳይነካ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በተጠየቀ ጊዜ ይመልሳል። ያን ያላደረገ «አደራ በላ» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ጥቂት ነው። ወርቅ እንዲህ ይጠበቃል። የመሬት ሰነድ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የሟች ኑዛዜ እንዲህ ይጠበቃል። ዘር ግን በዚህ ሕግ አይጠበቅም፤ ሳይነካ የተቀመጠ ዘር ይሞታልና። ዘሩን ለማዳን መዝራት፣ ማለትም የተሰጠውን ያንኑ ዘር አፈር ውስጥ ጥሎ ማጥፋት ግድ ነው። የተቀበለውን ራሱን መልሶ የሚያስረክብ የለም፤ የሚያስረክበው የዘሩን ልጅ ነው። በመሆኑም የዘር አደራ በሁለት መንገድ ይበላል፤ አንዱ በአፍ፣ ሌላው በሣጥን። የሁለተኛው ዓይነት በላተኛ ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ታማኝ ጠባቂ ይቆጥራል፤ የሚያየውም ሰው ያመሰግነዋል። ሣጥኑ የሚከፈትበት ቀን እስኪደርስ ድረስ እውነቱን የሚያውቅ የለም።

በሌላ በኩል መዝራት ራሱ አደጋ አለው። ሃያ ፍሬ ብቻ ያለው ሰው ሃያውንም ቢዘራና አንድ ሳምንት ያለጊዜው ቢሞቅበት ወይም ፍየል አጥር ብትጥስበት ታሪኩ በዚያው ያከትማል። ስለዚህ ከፊሉን ዘርቶ ከፊሉን ማስቀረት ፍርሃት ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም።

በአፍ ስለሚበላው አደራ የሚተርከው ታላቁ ታሪክ ከዚህችው ከተማ ጋር ይገናኛል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የኢትዮጵያን አዝርዕት ለማየት በ1927 ሲመጣ የገባው በጅቡቲ ወደብ ነበር፤ ወደ ደጋው የወጣውም በባቡሩ ነው። በሄደበት ሁሉ የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም የሰብል ዝርያዎች መፍለቂያ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ጥቂት የዓለም ማዕከላት መካከል መዘገባት። የሰበሰበው ዘር ሌኒንግራድ በሚገኘው ተቋሙ ከዓለም ዙሪያ ከመጣው ጋር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው። ቫቪሎቭ በ1940 በስታሊን መንግሥት ተያዘ፤ ሰውን ከረሃብ ለማዳን ዕድሜውን የፈጀው ሊቅ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተዳክሞ ሞተ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 በጀርመን ጦር ተከብባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝቧ በረሃብ ሲያልቅ፣ የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴና በለውዝ ከረጢት መካከል ተቀምጠው አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ በርካቶቹ ሞቱ። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ ፓኬቶችን ትቶ ነበር የሞተው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰሚው ራሱን ዝቅ አድርጎ ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን አድናቆት ጥያቄን መዝጋት የለበትም። ከግቢው ውጭ ሕፃናት እየሞቱ ነበርና ያ ሩዝ ለጥቂቶቹ ጥቂት ሳምንታት ይሆን ነበር። ላልተወለደ ሰው ሲባል የተወለደውን ማስራብ በምን ሚዛን ይመዘናል? የተቋሙ ሰዎች ጥያቄውን በክርክር አልመለሱትም፤ ቢበሉት ሊድኑ ይችሉ የነበሩት እነሱ ራሳቸው ቀድመው በመሞታቸው ከመጠየቅ አመለጡ እንጂ። ለሌላ ሰው የማይታዘዝ፣ በራስ ላይ ብቻ የሚወሰን ውሳኔ ነበር።

የኢትዮጵያ ገበሬ የደረሰበት ፈተና ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በ1984ና በ1985ቱ ረሃብ በወሎና በትግራይ፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ፣ የቤቱ እንጨት ከተሸጠ በኋላ፣ በመጨረሻ የቀረችው የዘር እህል ተፈጭታ ወይም ተቆልታ ተበልታለች። ገበሬው ዘሩን ሲበላ የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል፤ የመጪውን ዓመት እየበላ ነው። ይህን ሰው አደራ በላ ሊለው የሚደፍር አለ? ሊኖር አይገባም። ጠግቦ የሚያድር ሰው የተራበውን «ዘርህን ጠብቅ» ብሎ ሊመክረው ቀርቶ ሊያዝንለት እንኳ አፉን ይዞ ነው።

ይህን በትክክል የተረዱት ዶክተር መላኩ ወረደ ይመስላሉ። በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ከ1979 እስከ 1993 የመሩት እኒህ ሳይንቲስት፣ በ1980ዎቹ የድርቅ ዓመታት ባልደረቦቻቸውን ይዘው በድርቁ አካባቢዎች ዘር አሰባሰቡ። ሥራው ለተራበው ገበሬ የሚበላ እህል ሰጥቶ፣ ሊበላው የነበረውን ዘር መረከብ፣ ዝናብ ሲመለስም ያንኑ ዘር ለባለቤቱ መመለስ ነበር። በኋላም ገበሬው የራሱን ዝርያ በራሱ ማሳ እየመረጠ እንዲያቆይ አደረጉ። ለዚህ ሥራቸው በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደንቀው የሐሳቡ ፍትሐዊነት ነው። ዘር የመጠበቅ ዕዳ የወደቀው እንጀራ ባለው ላይ ነው፤ እንጀራ የሌለው ዘሩን እንዲጠብቅ የሚጠየቀው እንጀራው ከተሰጠው በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጅቡቲው ሰው መመለስ ይቻላል። «ገበያው ቲማቲም ሞልቶታል፤ እኔ ይህን ብዘራው ምን ብተወው ምን?» የሚለው ሐሳቡ ነጻ የሚያወጣው ይመስላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ገበያው ስለሞላ፣ ማለትም የእርሱ እራት በዚያ ዘር ላይ ስላልተንጠለጠለ ነው ዕዳው ወደ እርሱ የሚመጣው። ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ማሳ፣ ምርቱ በማይታወቅ አሮጌ ዝርያ ሊሸፍነው አይችልም፤ ልጆቹን ማስተማር አለበት። አሥር ተክል በሰገነት ላይ አብቅሎ ስምንቱ ቢደርቅበት ከቁጭት በቀር የማይጎዳ ሰው ግን ይችላል። ከሥራ መልስ በበርሜል ቁራጭና በተቀደደ ጀሪካን ቲማቲም የሚተክል የከተማ ሰው ብዙ ጊዜ ጊዜ የሚያጠፋ ተደርጎ ይታያል፤ ጎረቤትም ፈገግ ይልበታል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ እየሠራ ነው።

የውሃው ክርክር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በባልባላ ኮረብታ ውሃ በጀሪካን እየገዛ የሚኖር ቤተሰብ አለ። በሩቅ ከተቆፈረ ጉድጓድ በቧንቧ የመጣን ወይም ከባሕር ጨው ተጣርቶ የተገኘን ውሃ ብርቅ ለሆነ ቲማቲም ማፍሰስ ቅንጦት አይደለም ወይ? ቅንጦት የሚሆንበት ቤት አለ፤ በዚያ ቤት ዕዳው የለም። የልብስና የአትክልት እጣቢ ውሃ የሚደፋበት ቤት ደግሞ አለ፤ የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ላይ የሚወርድበት ቤትም አለ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዕዳ አለበት የሚል ሥነ ምግባር ብዙ ጊዜ ድሀውን ሲከስ ሀብታሙን ያሳልፋል።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ታማኝነት ነው። ከደጋ የመጣ ዝርያ በአምቡሊ አፈር ላይ እንደነበረ ይቆያል? አይቆይም። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ባሕሩ እየገባበት ጨዋማ እየሆነ ሄዷል፤ ቲማቲም ደግሞ ጨውን በመጠኑ እንጂ ብዙ አይችልም። ከአሥሩ ተክል ጨውና ሙቀቱን ችሎ ያፈራው ሁለት ቢሆን፣ ዘር የሚወሰደው ከሁለቱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያ ጓሮ የሚገኘው ቲማቲም ስሙ ያው ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የተላከው አይሆንም። አንዳንድ ጠባቂዎች ይህን እንደ ክህደት ያዩታል። ዝርያው ሳይደባለቅ፣ ሳይለወጥ፣ እንደተወለደ እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም ሲሉ አበባውን በስስ ጨርቅ ይሸፍናሉ። ለምርምር ማዕከል ይህ ተገቢ ነው። ለሕይወት ግን አይበቃም።

በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል ለእህሉም ለሰውም መዋሉ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ምናልባትም ያስተምራል። ሰዎች ስለ ሰው ዘር ጥራት ሲናገሩ ምሳሌያቸውን ከእርሻ የወሰዱ ይመስላቸዋል። እርሻ ግን እንደዚያ አይልም። የኢትዮጵያን ገብስ የዓለም መነጋገሪያ ያደረገው በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ተደባልቆ መዘራቱ ነው፤ አንዱ ዋግ ሲመታው ሌላው ይተርፋል። ሱማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ ሐበሻውና ፈረንሳዩ በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት ጅቡቲም ይህን ለመረዳት የምትቸገር ከተማ አይደለችም። ቲማቲሙ ራሱ ከፔሩና ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ በየደረሰበት አገር አፈሩን እየመሰለ ነው ባለ አገር የሆነው።

ዘሩ ከተገኘ በኋላ ለሰው መስጠትስ? እዚህ ላይ ጥርጣሬ ያላቸው ሰዎች ምክንያት አላቸው። ከኢትዮጵያ የሄደ ገብስ ውስጥ የተገኘ የበሽታ መቋቋሚያ ባሕርይ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ ታድጓል፤ ለዚያ ገብስ ባለቤት ገበሬ የደረሰ ጥቅም የለም። በጤፍ የደረሰው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የተፈራረመ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት በአውሮፓ አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ዘሩን በቡጢው ጨብጦ ቢይዝ ምን ይገርማል? ይሁን እንጂ የተጨበጠው ዘር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከላይ ተነግሯል። ሌባን ለመከላከል ተብሎ በጨበጡት እጅ ውስጥ የሞተ ዘር ሌባውንም ባለቤቱንም አልጠቀመም። የመስረቅ መድኃኒቱ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2006 ስለ ጀነቲክ ሀብት አጠቃቀምና ስለ ማኅበረሰብ መብት አዋጅ አውጥታለች። ለጎረቤት አሥር ፍሬ መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ አይዋ ግዛት የሚገኘው የዘር ጠባቂዎች ማኅበር የተጀመረው በዚህ ዓይነት ስጦታ ነው። ከባቫሪያ የተሰደደ ቤተሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይዞት የመጣውን ሮዝማ ቀለም ያለው ቲማቲም ዘር አንድ አያት ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። እሷና ባሏ፣ ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ዘሩን ያቆየው የእነሱ እጅ ብቻ መሆኑን ተረድተው በ1975 ሌሎች እንዲህ ያለ ዘር ያላቸውን ሰዎች መፈለግ ጀመሩ። ዛሬ ያ ቲማቲም በብዙ አገር ጓሮ ይበቅላልና የአንድ ቤት መቃጠል አያጠፋውም።

ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀው ግን ሰው ያልነካው ታሪክ ነው። በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ጨዋማ ማዕበል በሚረጨው ዳርቻ ሳይቀር የሚበቅል የዱር ቲማቲም አለ። የቲማቲም ሊቅ የሆነው አሜሪካዊው ቻርልስ ሪክ ዘሩን ወስዶ ቢዘራው አልበቅል አለው። ብዙ ከሞከረ በኋላ የደሴቶቹን ግዙፍ ኤሊዎች ጠረጠረ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤሊ ለሚያሳድግ ባልደረባው ፍሬውን ልኮ አስበላ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከኤሊዎቹ ፋንድያ የተለቀመው ዘር በቀለ። ግኝቱ በ1961 ታተመ። ከዚሁ የዱር ዘመድ የተወሰደ አንድ ባሕርይ በኋላ በመኪና ለሚለቀም ቲማቲም አገልግሏል፤ ጨው የመቻል ችሎታውም እስካሁን ተመራማሪዎችን ያጓጓል፤ የጅቡቲን ጓሮ ባለቤትም ሊያጓጓ ይገባል። ያ ዘር በሌላ ፍጥረት ሆድ ውስጥ ሳያልፍ፣ ከተወለደበት ሥፍራ ርቆ ሳይጣል በቀላሉ የማይነቃ ነው።

ለጅቡቲው ሰው የሚቀረው ተግባራዊው ነገር ነው። ዘሩን ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንዱን በጥቅምት ይዘራል። ሁለተኛውን በደንብ አድርቆ፣ አየር በማያስገባ ጠርሙስ፣ ከጥቂት የተቆላ ሩዝ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖራል። ሦስተኛውን የቲማቲም ሣጥን ተሸክሞ ወርዶ ባዶውን በሚመለሰው መኪና ወደ ድሬዳዋ ወይም ከዚያ በላይ ወዳለ ዘመድ ይልካል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የዝርያውን ስም፣ ከማን እንደተገኘና የት እንደበቀለ ይጽፋል። ዓመተ ምሕረቱን ሲጽፍ ግን መጠንቀቅ አለበት፤ በዚህች ከተማ የሒጅራው፣ የአውሮፓውና የኢትዮጵያው አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል። በአውሮፓውና በኢትዮጵያው መካከል ያለው የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ደግሞ በቲማቲም ዘር ዘንድ የአንድ ዕድሜ ያህል ነው፤ ጥቅሉን የሚፈታው ሰው የሚበቅል ዘር ይሁን የሞተ፣ ከዚያ ቁጥር ሌላ የሚያውቅበት ነገር የለውም።